የአያትን መዝገብ ለዘመድ መላክ ያስጠይቃል? የክፍያ የቤተሰብ ታሪክ ድረ ገጾች ሕግ ከሐርጌሳ ሲታይ

በሐርጌሳ አንድ ሕፃን "የማን ልጅ ነህ?" ተብሎ ሲጠየቅ የአባቱን ስም ብቻ ተናግሮ አያቆምም። አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ የቅድመ አያቱን አባት እያለ ወደ ኋላ ይዘልቃል። ሶማሊዎች ይህንን የአባት ቆጠራ 'አብቲርሲ' ይሉታል። ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት አባቶቹን ይቆጥራል፤ የሚያስተምሩትም አባት፣ እናት ወይም አያት ናቸው።

ይህ እውቀት ክፍያ የለውም፤ የይለፍ ቃልም አይጠየቅበትም። ይሁን እንጂ አብቲርሲ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ቅድመ አያት በየትኛው ዓመት ከበርበራ በመርከብ ወጣ? በየትኛው የእንግሊዝ ወደብ ወረደ? መልኩስ ምን ይመስል ነበር?

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካለ፣ በአብዛኛው የሚገኘው በለንደን ቤተ መዛግብት በተቀመጠ ወረቀት ላይ ነው። የወረቀቱ ዲጂታል ቅጂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የደንበኝነት ክፍያ በሚያስከፍሉ ኩባንያዎች ድረ ገጽ ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ በሐርጌሳ ያለ ሰው በካርዲፍ፣ በለንደን ወይም በቶሮንቶ የሚኖር ዘመዱን "እስቲ ፈልግልኝ" ማለቱ የተለመደ ነው። ዘመድም ከፍሎ ገብቶ ያገኘውን ምስል በዋትስአፕ ይልካል። ይህ የዘመድ ውለታ ግን በውል፣ በቅጂ መብት እና በግል መረጃ ጥበቃ ሕጎች መካከል የሚያልፍ ነው።

የሐርጌሳ ወረቀት ለምን ባሕር ማዶ ተገኘ?

ብሪታኒያ በአሁኗ ሶማሊላንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ጥበቃ ግዛቷን ያቋቋመችው በ1880ዎቹ (እአአ) ከጎሳ መሪዎች ጋር ስምምነቶችን በመፈራረም ነበር። ግዛቱ እስከ 1898 ድረስ ይተዳደር የነበረው ከሕንድ መንግሥት ሥር በኤደን በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ብሪታኒያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በ1905 ደግሞ ወደ ቅኝ ግዛት ጉዳዮች ሚኒስቴር ተዛወረ።

የመዛግብቱ ዕጣም ይህንኑ ተከትሏል። የሕንድ ቢሮ ሰነዶች ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ የሶማሊላንድ ደብዳቤዎች ደግሞ 'ሲኦ 535' በሚል መለያ በለንደን ኪው በሚገኘው የብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል።

በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ገዢዎች፣ መኮንኖች እና ሚሲዮናውያን በብዛት ይገኛሉ። ተራው የሶማሊ እረኛ ግን እምብዛም በስሙ አይጠራም። የቅኝ ገዢው ብዕር ለተራው ሶማሊ ትኩረት የሰጠው ሰውየው አገሩን ለቆ መርከብ ላይ ሲሳፈር ነው።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በርካታ የሶማሊ ወጣቶች በኤደን በኩል በብሪታኒያ የንግድ መርከቦች ላይ ተቀጥረው ከሰል አቀጣጣይ ሆነዋል። ካርዲፍ፣ ሳውዝ ሺልድስ፣ ሊቨርፑል እና ሃል ሁለተኛ ከተሞቻቸው ነበሩ። እአአ ከ1918 ጀምሮ የብሪታኒያ መንግሥት ለንግድ መርከበኞች የግል ካርድ ማውጣት ጀመረ። እስከ 1921 ድረስ ከተዘጋጁት ካርዶች መካከል 'ቢቲ 350' በሚል መለያ የሚታወቁት የባለቤቱን ስም፣ የትውልድ ቦታ እና የሰውነት ምልክቶች ከፎቶግራፍ ጋር ይዘዋል።

አንድ የሐርጌሳ ቤተሰብ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ አባቱን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በዚህ ካርድ ላይ ሊሆን ይችላል። የካርዶቹ ዲጂታል ቅጂም ፋይንድማይፓስት በተባለው የብሪታኒያ የክፍያ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

ካርዱን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። የሶማሊ ቋንቋ በላቲን ፊደል መደበኛ አጻጻፍ ያገኘው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት እንግሊዛዊው ጸሐፊ የሰማውን እንደመሰለው ይጽፍ ነበርና፣ አንዱ መሐመድ በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። የድረ ገጾቹ ማውጫዎች ደግሞ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጥራሉ። ይህ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም፤ አባትና ልጅ በተለያየ 'የቤተሰብ ስም' ተመዝግበው ሲጠያየቁ መኖራቸው የታወቀ ነው።

የትውልድ ቦታም ያሳስታል። ኤደን የብሪታኒያ ይዞታ ስለነበረች በዚያ የተወለደ ሰው የብሪታኒያ ተገዢ ነው። የሶማሊላንድ ተወላጅ ግን 'ጥበቃ የሚደረግለት ሰው' ከመባል አያልፍም ነበር። ስለዚህ ሥራ ለማግኘት ሲሉ "የተወለድኩት ኤደን ነው" ያሉ ሶማሊዎች ጥቂት አይደሉም። በተለይ በ1925 የወጣው ትዕዛዝ ዜግነቱን በሰነድ ማረጋገጥ ያልቻለ ጥቁር ወይም እስያዊ መርከበኛ እንደ ባዕድ ዜጋ በፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብ ካስገደደ በኋላ፣ ወረቀት ላይ የሰፈረው የትውልድ ቦታ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ።

ወረቀት የአንድን ሰው ዕጣ ምን ያህል እንደሚወስን የማህሙድ ማታን ታሪክ ያሳያል። በ1923 ሐርጌሳ የተወለደው ይህ መርከበኛ በካርዲፍ ሱቅ የነበራትን ሊሊ ቮልፐርትን ገድሏል ተብሎ እአአ መስከረም 3/1952 በስቅላት ተቀጣ። በ1998 የይግባኝ ፍርድ ቤት የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሻረው። ቤተሰቡ ይህን ለማግኘት 46 ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ፖሊስ ይቅርታ የጠየቀው ደግሞ በ2022 ነው። ሐርጌሳ የተወለደችው ደራሲ ናዲፋ መሐመድ በ2021 ለቡከር ሽልማት የታጨውን ልብ ወለዷን የጻፈችው በእርሱ ታሪክ ላይ ተመሥርታ ነው።

በሐርጌሳ የነበሩ ወረቀቶችስ? እአአ በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በአየር እና በመድፍ ሲደበድብ አብዛኛው ክፍሏ ፈርሷል። ነዋሪዎቿ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲሸሹ የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ውል እና ፎቶግራፍ ይዘው ለመውጣት ጊዜ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። ከሬዲዮ ሐርጌሳ የድምፅ ቅጂዎች ከፊሎቹ የተረፉት ሠራተኞቹ አስቀድመው ስለደበቋቸው ነው። በቤት ውስጥ ለነበረው የቤተሰብ ሰነድ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አልነበረም። በመሆኑም ባሕር ማዶ የተረፈው ቅጂ ለብዙዎች ብቸኛው ቅጂ ነው።

በሩን የያዙት እነማን ናቸው?

የቤተሰብ ታሪክ መዝገብ ዛሬ ትልቅ ንግድ ነው። የአሜሪካው አንሴስትሪ በ2020 ብላክስቶን ለተባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያ የተሸጠው በ4.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የእስራኤሉ ማይሄሪቴጅ እና የብሪታኒያው ፋይንድማይፓስት ሌሎቹ ትላልቅ ስሞች ናቸው።

እነዚህ ኩባንያዎች መዛግብቱን በባለቤትነት አልያዟቸውም። ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ከአብያተ ክርስቲያናት እና ከማዘጋጃ ቤቶች ጋር ተዋውለው፣ ወረቀቱን በራሳቸው ወጪ ፎቶ አንስተው፣ ስሞቹን አንድ በአንድ በማውጫ አስፍረው፣ በምላሹ የማስከፈል መብት ያገኛሉ። የእንግሊዝና የዌልስ የ1921 የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ ዓመት ቆይታ በኋላ በጥር 2022 ለሕዝብ ሲከፈት በኢንተርኔት የቀረበው በፋይንድማይፓስት በኩል በክፍያ ነበር።

ከሐርጌሳ ሆኖ ይህን ክፍያ መፈጸም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከተማዋ በሞባይል ገንዘብ ከብዙ የዓለም ከተሞች ትቀድማለች፤ ቴሌሶም በ2009 የጀመረው ዛድ ከሻይ ቤት እስከ ጫት ገበያ ይሠራል። ድረ ገጾቹ የሚጠይቁት ግን ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የያዘ ሰው ጥቂት ነው። ውጭ ያለው ዘመድ አስፈላጊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ውሉ ምን ይላል?

በካርዲፍ የሚኖር አንድ የሐርጌሳ ተወላጅ የቅድመ አያቱን የመርከበኛ ካርድ በክፍያ ድረ ገጽ ላይ አገኘ እንበል። ሐርጌሳ ያለው የአጎቱ ልጅ ምስሉን እንዲልክለት ጠየቀው።

ይህንን መላክ በአብዛኞቹ ድረ ገጾች ደንብ ችግር የለበትም። የአገልግሎቶቹ ዓላማ የራስን ቤተሰብ ታሪክ ማጥናት እንደሆነ በውሎቻቸው ተጽፏል፤ ከቤተሰብ ጋር መነጋገርም የጥናቱ አካል ነው። አንሴስትሪ የቅጂ መብታቸው ካለፈ ሰነዶች መካከል ጥቂቱን መጠቀምም ሆነ ማጋራት እንደሚቻል በግልጽ ያስቀምጣል። ከዚህም አልፎ ደንበኛው አንድን መዝገብ ከፋይ ላልሆነ ሰው በሊንክ የሚልክበትን መንገድ ራሱ አዘጋጅቷል።

የአጎቱ ልጅ ቀጥሎ "የይለፍ ቃልህን ብትሰጠኝ ራሴ ብፈልግ አይሻልም?" ቢልስ? እዚህ ላይ መልሱ ይለወጣል። አካውንቱ የአንድ ሰው ነው፤ የይለፍ ቃልን ለሌላ አሳልፎ መስጠት በእነዚህ ድረ ገጾች ውል የተከለከለ ነው። አንድ መዝገብ ማጋራት ዘመድን መርዳት ሲሆን፣ መግቢያውን ማጋራት ግን ያልተከፈለበትን አገልግሎት ለሌላ ሰው እንደ መስጠት ይቆጠራል።

የአጎቱ ልጅ የሰፈሩን ሰዎች አስተባብሮ "የሦስት መቶ መርከበኞችን ካርድ አውርድልን፤ በአንድ ድረ ገጽ ላይ እናወጣዋለን" ቢል ደግሞ ነገሩ ከሁሉ የከፋ ይሆናል። ዓላማው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ በጅምላ ማውረድና ማተም ያለ ኩባንያው የጽሑፍ ፈቃድ አይቻልም። በአውሮፓ ኅብረት በ1996 የወጣው የመረጃ ቋት መመሪያ ደግሞ ከውሉ ውጭ ሌላ ጥበቃ ያክላል። ቋቱን ለመገንባት ከፍተኛ ወጪ ያወጣ አካል የይዘቱ ጉልህ ክፍል እንዳይወሰድበት ለ15 ዓመታት የመከልከል መብት አለው። ብሪታኒያም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ተመሳሳይ መብትን በሕጓ ይዛ ቆይታለች።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። ውል የሚያስረው የተዋዋለውን ነው። ሐርጌሳ ያለው ተቀባይ ከኩባንያው ጋር የፈረመው ነገር ስለሌለ በውሉ ሊጠየቅ አይችልም፤ ተጠያቂው ላኪው ነው። ውሎቹ ለኩባንያው የሚሰጡት ቀዳሚ መሣሪያም አካውንቱን ማገድ ወይም መዝጋት ነው። ዓመታት የፈጀ የቤተሰብ ዛፍ የገነባ ሰው ይህ ቀላል ቅጣት እንዳልሆነ ያውቃል።

እውነታ ባለቤት አለው?

ብዙዎች 'የቅጂ መብት' እና 'የአጠቃቀም ውል' የተባሉትን ነገሮች ይቀላቅሏቸዋል።

"ዓሊ በ1894 በበርበራ ተወለደ" የሚለው ነገር እውነታ ነው፤ እውነታ ደግሞ በቅጂ መብት አይያዝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 'ፋይስት' በተባለው ክስ ላይ፣ የስልክ ማውጫ ላይ ያሉ ስሞችና ቁጥሮች ለመሰብሰብ የቱንም ያህል ድካም ቢጠይቁ የፈጠራ ሥራ ስላልሆኑ ጥበቃ እንደማይገባቸው ወስኗል። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ተራ መረጃን ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል።

ስለዚህ ከካርዱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ መርከብ እና ቀን ገልብጦ፣ በራስ አገላለጽ ጽፎ ለዘመድ ሁሉ ማሰራጨት ይቻላል። የክፍያው በር ምስሉን እንጂ በምስሉ ውስጥ ያለውን እውነት መቆለፍ አይችልም።

ምስሉስ? በዚህ ላይ የኒውዮርክ የፌደራል ፍርድ ቤት በ1999 የሰጠው ውሳኔ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ፍርድ ቤቱ የቅጂ መብቱ ያለፈበትን ሥዕል እንዳለ በታማኝነት ፎቶ ማንሳት አዲስ መብት አይፈጥርም ብሏል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሥነ ጥበብ ሥራዎች ተመሳሳይ አቋም ይዟል። ሆኖም ኩባንያዎቹ "የቅጂ መብት ባይኖረን እንኳ ስትገቡ የተስማማችሁበት ውል አለ" ይላሉ። በሕግ ዓይን ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። አንድ ሙዚየም ያረጀ ሥዕል ላይ መብት ባይኖረውም በአዳራሹ ውስጥ ፎቶ ማንሳትን መከልከል እንደሚችለው ማለት ነው።

ሌላው ከዚህ ፈጽሞ የተለየው ነገር፣ ሌሎች ደንበኞች ራሳቸው የጫኑት ፎቶግራፍ እና ጽሑፍ ነው። የማያውቁት ሰው የአያቱን የሠርግ ፎቶ በቤተሰብ ዛፉ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ያ ፎቶ የመንግሥት መዝገብ አይደለም። እርሱን አውርዶ በፌስቡክ የጎሳ ቡድን ላይ መለጠፍ የባለቤቱን ፈቃድ ይሻል። በቤተሰብ ታሪክ አጥኚዎች መካከል ከሚነሱት ጠቦች ብዙዎቹ ከመርከበኛ ካርድ ይልቅ ከእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ የሚመጡ ናቸው።

የጫነው ሰውም ቢሆን ሲጭን የሚፈርመውን ማንበብ ይገባዋል። አንሴስትሪ በነሐሴ 2021 ውሉን አሻሽሎ ደንበኞች በሚጭኑት ይዘት ላይ ዘላለማዊ እና የማይሻር የመጠቀም ፈቃድ ለራሱ ሲሰጥ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት፣ በቀናት ውስጥ ማስተካከያ ለማድረግ ተገዷል። ሙሉ አብቲርሲውን ወደ ድረ ገጽ የሚያስገባ የሐርጌሳ ቤተሰብ የሚያጋራው ለዘመዱ ብቻ አይደለም።

በሕይወት ያሉት

የሞተ ሰው መዝገብ እና በሕይወት ያለ ሰው መዝገብ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ የሚመለከተው በሕይወት ያለን ሰው ነው። ድረ ገጾቹም በሕይወት እንዳለ የሚገመትን ሰው ዝርዝር ከእንግዳ ዓይን ይሰውራሉ። ብሪታኒያ ጦርነቱ እንደተጀመረ የሠራችው የ1939 የነዋሪዎች መዝገብ ለሕዝብ ቢከፈትም፣ ከተወለደ መቶ ዓመት ያልሞላው እና መሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው መስመር በጥቁር ተሸፍኖ ይታያል።

ደንቡ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ብቻ የሚውል መረጃን ነፃ ያደርጋል። ነገር ግን የቤተሰብ ጉዳይ የሚያበቃበት ወሰን አለ። የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2003 አንዲት ስዊድናዊት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሥራ ባልደረቦቿን ስም፣ ስልክ እና የአንዷን የእግር ጉዳት በኢንተርኔት ላይ በማስፈሯ የቀረበውን ጉዳይ መርምሮ ነበር። መረጃው ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ከወጣ ወዲያ 'የቤት ጉዳይ ነው' የሚለው መከላከያ አይሠራም ሲል ወሰነ። አርባ ዘመዶች ባሉበት ዝግ የዋትስአፕ ቡድን እና በአደባባይ የፌስቡክ ገጽ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮጵያም እአአ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። አዋጁ በዘር፣ በጤና እና በሃይማኖት ላይ ለሚያተኩሩ መረጃዎች ከፍ ያለ ጥበቃ ይሰጣል።

ይህ ሕግ ለአፍሪካ ቀንድ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የሶማሊ የዘር ሐረግ የጎሳ ካርታ ነው። የጋብቻ ዝምድናን፣ የደም ካሳ የሚጋሩ ሰዎችን እና በችግር ጊዜ የሚደርሱትን ወገኖች የሚያሳየው ይኸው ሐረግ ነው። በ1988 ሐርጌሳ ላይ ከተፈጸመው ግፍ ውስጥ ሰዎች ከይስሃቅ ጎሳ በመሆናቸው ብቻ መፈለጋቸው አንዱ ነበር። አባት መቁጠር ጠላት እጅ ሲገባ ሰው መልቀሚያ ይሆናል። በመታወቂያ ወረቀት ላይ የብሔር ስም ሲሰፍር ያደገ ኢትዮጵያዊም ይህን ፍርሃት ከማንም ሳይማር ያውቀዋል።

በዲጂታሉ ዓለምም ይህ ስጋት ተራ ቅዠት አይደለም። በጥቅምት 2023 በይፋ በታወቀው የ23አንድሚ የዘረ መል ምርመራ ኩባንያ ጥቃት፣ ጠላፊዎች በቀጥታ የገቡት ወደ 14 ሺህ ገደማ አካውንቶች ብቻ ነበር። ከሌላ ቦታ የተሰረቁ እና ተደጋግመው ያገለገሉ የይለፍ ቃሎችን ተጠቅመዋል። ነገር ግን ዘመድ ከዘመድ ጋር በሚያገናኘው አገልግሎት በኩል ዘልቀው የ6.9 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ ወሰዱ። ከዚያም በአይሁድ እና በቻይና የዘር ሐረግ የተለዩ ዝርዝሮችን ለሽያጭ አቀረቡ። የአንዱ ልቅ የይለፍ ቃል የአምስት መቶ ዘመድ ደጅ ከፈተ ማለት ነው። ድረ ገጾቹ መግቢያን ማጋራትን ሲከለክሉ በዋነኝነት ስለ ገንዘባቸው ቢያስቡም፣ ክልከላው ለቤተሰብም ይበጃል።

እውቀትን ሰስቶ መያዝ አዲስ ነገር አይደለም

የዘር ሐረግን በገንዘብ ማጠር የኢንተርኔት ፈጠራ ቢመስልም፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሐረግ እውቀት ለዘመናት ሀብት ሆኖ ኖሯል። በጎጃም እና በጎንደር የርስት ሥርዓት አንድ ገበሬ መሬት የሚጠይቀው ከአቅኚ አባት መወለዱን ቆጥሮ በማሳየት ነበር። ቆጣሪ ሽማግሌ ያለው ወገን ዳኛ ፊት ይረታል፤ የሌለው ይረታበታል። እንዲህ ያለው ሽማግሌ የሚያውቀውን ለተቀናቃኝ በነፃ እንዲዘረግፍ የሚጠብቅ የዋህ አልነበረም። መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ ቆጠራው የፍርድ ቤት ዋጋውን አጣ። የቀረው እስከ ሰባት ቤት ለጋብቻ የሚደረገው ቆጠራ ነው።

ሳይከፍሉ የሚገባባቸው በሮች

ክፍያ ወደማይጠይቁ መዛግብት የሚወስዱ ሕጋዊ መንገዶች ከሚገመተው በላይ ናቸው። በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት የሚገኘው የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ፋሚሊሰርች አካውንት ከመክፈት በቀር ክፍያ አይጠይቅም። በዓለም ዙሪያ ያሉት ማዕከላቱ ደግሞ ለጎብኚዎች አንዳንድ የክፍያ ድረ ገጾችን በነፃ ያስጠቅማሉ። በብሪታኒያም በርካታ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢዎቻቸው አንሴስትሪን ከፍለው ያቀርባሉ። በካርዲፍ ያለው ዘመድ ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት ቢጠይቅ አይከስርም።

ብሪቲሽ ላይብረሪ ከኳታር ፋውንዴሽን ጋር በ2014 የከፈተው የኳታር ዲጂታል ላይብረሪ የሕንድ ቢሮ ሰነዶችን በነፃ ያቀርባል። ትኩረቱ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቢሆኑም ኤደንንና ቀይ ባሕርን የሚነኩ ወረቀቶች በውስጡ አሉ። በኪው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ደግሞ የአንባቢ ካርድ ያወጣ ማንኛውም ሰው ዋናውን ሰነድ አስወጥቶ በራሱ ስልክ ያለ ክፍያ ፎቶ ማንሳት ይችላል። 'ሲኦ 535'ን የመሰሉ የሶማሊላንድ ፋይሎችን ለማየት የሚያዋጣው ይህ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ በተነሳ ፎቶ ላይ የደንበኝነት ውል የሚባል ነገር የለም፤ የሚቀረው የቤተ መዛግብቱ የራሱ ደንብ ብቻ ነው።

ሐርጌሳ ውስጥም ባዶ እጅ አይደለም። የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከጦርነቱ የተረፉ ከ10 ሺህ በላይ የድምፅ ካሴቶችን ሰብስቦ ያቆያል። በካሴቶቹ ላይ ግጥም፣ ዘፈን እና ጭውውት አለ። ከከተማው የተሰደዱ ሰዎች ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይላላኩ ስለነበር፣ ለሶማሊ የቤተሰብ ታሪክ ካሴት ከቆጠራ ቅጽ ያላነሰ ምንጭ ነው።

ምስሉ ከደረሰ በኋላ

መዝገቡን የላከውም ሆነ የተቀበለው ሰው በተግባር የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። ደንበኝነቱ ሲያበቃ፣ በዛፉ ላይ የተያያዙት የመዝገብ ምስሎች ይዘጋሉ። ስሞቹና ቀኖቹ ይቀራሉ፤ ማስረጃው ግን ከክፍያው በር ኋላ ይመለሳል። በዋትስአፕ የተላከው ሊንክም ለማያስከፍል የማጋሪያ መንገድ ካልተዘጋጀ በቀር ለማይከፍል ሰው የመመዝገቢያ ገጽ ብቻ ያሳየዋል።

በመሆኑም ልምድ ያላቸው አጥኚዎች ለራሳቸው ጥናት የሚያስፈልጋቸውን ምስል ክፍያው ሳይቋረጥ ያወርዳሉ። ከሥሩም የድረ ገጹን አድራሻ ብቻ ሳይሆን የዋናውን ሰነድ መለያ ይጽፋሉ፦ የቤተ መዛግብቱን ስም፣ የክፍሉን ቁጥር፣ የካርዱን ቁጥር እና ያዩበትን ቀን። ኩባንያው ቢሸጥ፣ ውሉ ቢለወጥ ወይም የካርዲፉ ዘመድ መክፈል ቢያቆም፣ 'ቢቲ 350' የሚለው መለያ ያለው ሰው ነገ ኪው ለሚሄድ ለማንኛውም ጎረቤት ቁጥሩን ሰጥቶ መዝገቡን እንዲያፈላልግለት መጠየቅ ይችላል።